አረንጓዴ ሲበራ የምትቆም መኪና

አረንጓዴ መብራት ሲበራ «ሂዱ» ማለት ነው ብላችሁ ነው የምታውቁት፣ አይደል? ትልቅ ከተማ ውስጥ እንደዚያ ሊሆን ይችላል። እኛ ቤት ግን አይደለም። እኛ ቤት አረንጓዴ ሲበራ «ቁሙ፣ ካልቆማችሁ ሞተሬ ይቃጠላል» ማለት ነው።

የማወራችሁ ስለ አባቴ ቮልስ ነው። ያቺ ጀርባዋ የጎበጠ፣ ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ፣ ውኃ የማትጠጣ አሮጌ መኪና። ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም። የሚያቀዘቅዟት ንፋስና ዘይት ናቸው። እንግዲህ የእኛን የቆላ ከተማ፣ ገንዳ ውሃን፣ የሚያውቅ ሰው ችግሩ ከየት እንደሚጀምር ገብቶታል። ንፋስ ከየት መጥቶ? የእኛ ንፋስ እኮ ራሱን የሚያቀዘቅዝለት ይፈልጋል። ቀትር ላይ የመኪናዋን እጀታ በጨርቅ ነው የምንይዘው።

ከፍጥነት መቁጠሪያው ሥር ሁለት ትንንሽ መብራቶች አሉ። ቀይዋ የባትሪ ናት። አረንጓዴዋ፣ ምስር የምታህለው፣ የዘይት ግፊት ናት። ዘይቱ በሞተሩ ውስጥ በበቂ ጉልበት እየተገፋ ሲዞር ትጠፋለች። ጉልበቱ ሲደክም ትበራለች። ይኸው ነው። ይህችን ለመረዳት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ለመረዳት አልኩ እንጂ ለመጠገን አላልኩም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። «መኪናዬ ተበላሸች» ስል ሰው ሁሉ የስፌት መኪናዬ ናት ብሎ ነው የሚያስበው። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ከወዲያ ማዶ ለሚመጡ ሱዳኖች ጀለቢያ የሚሉትን ረጅም ቀሚስ እሰፋለሁ። የሰሊጥ ጊዜ ሲደርስ የጆንያ አፍ እሰፋለሁ። አባቴን አብዬ ነው የምላቸው። ሀገሩ አያ ታደገ ይላቸዋል። ጉልበታቸውን አብደራፊ እርሻ ላይ ትራክተር ሲነዱ ጨረሱ። ዓይናቸው እየደከመ እየደከመ ሄዶ አሁን የሚለዩት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። ጆሯቸውን ግን ተዉት። መንገድ ላይ የሚያልፍ ባጃጅ ካንዴላው መቀየር እንዳለበት ከአልጋቸው ሆነው ይናገራሉ። ባለባጃጁ ባይጠይቃቸውም።

አብዬ አንዲት ታላቅ እህት አሏቸው። አክስቴ ብርቄ። የሚኖሩት አይከል ነው፣ ደጋው ላይ፣ ከእኛ ወደ ጎንደር ስትወጡ። ሁለቱ ከሃያ ዓመት በላይ አልተነጋገሩም። ለምን ብትሉኝ፣ በእኔ ምክንያት ነው። እናቴ ስትሞት እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አክስቴ «ልጅቷን ለእኔ ተውልኝ፣ ቆላ ወባ ይጨርሳታል» አሉ። አብዬ «ልጄን ለማንም አልሰጥም» አሉ። አክስቴም «እንግዲያውስ ይዘሃት ከወረድህ ወንድሜ አይደለህም» አሉ። አብዬ መልስ አልሰጡም። እኔን አንስተው ከቮልሷ ወንበር ላይ አስቀመጡና ሞተሩን አስነሱ። በኋላው መስታወት ሳይ አክስቴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ቆመው ነበር። ይህን አሁንም አያለሁ።

ታዲያ ባለፈው ጥር ስልክ ተደወለ። የአክስቴ ጎረቤት ናት። «እማማ ብርቄ ደረታቸውን ታመዋል፣ ከተኙ ሦስት ሳምንት ሆናቸው፣ እህል እምቢ ብለዋል» አለች። ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ወንድሜን አምጡልኝ ይላሉ» አለች።

ለአብዬ ነገርኳቸው። ከአልጋቸው ተነሥተው ተቀመጡና «ቮልሷን አዘጋጂ» አሉ።

«አብዬ፣ ነገ ጠዋት ሚኒባስ አለ። ከፊት ወንበር አስይዝልዎታለሁ።»

«በሚኒባስ አልሄድም።»

«ለምን?»

«አንቺን ይዤ የወጣሁት በእሷ ነው። ይዤሽ የምመለስም በእሷ ነው። አለዚያ አልሄድም።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። እኒህ ሰው መንዳት ካቆሙ ስድስት ዓመታቸው ነው። መኪናዋም በእኔ እጅ ከገበያ ወዲያ አልፋ አታውቅም። አረንጓዴዋ መብራት ደግሞ ሞተሩ ትንሽ ሲሞቅና መኪናዋ ስትቆም ቦግ ትላለች። አይከል ድረስ ያለውን ዳገት ለሚያውቅ ይህ ወሬ አይደለም፣ ቀልድ ነው። ግን አብዬ አንድ ጊዜ እምቢ ካሉ እምቢ ናቸው። እኔም ልጃቸው ነኝ። «እሺ» አልኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ከቮልሷ ሥር ገባሁ።

በመጀመሪያ የሄድኩት ሙላት ዘንድ ነው። ሙላት የባጃጅ መካኒክ ነው፣ ደግ ሰው። መጣና አየ። ጭንቅላቱን አከከ። «መብራቷ ናት የምታስቸግርሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ቀላል ነው፣ ሽቦዋን ልንቀልልሽ» አለኝ። ሽቦዋ ከተነቀለች እኮ አትበራም። እውነቱን ነው። እኔም ለአንድ ደቂቃ ያህል አሰብኩበት፣ ልዋሻችሁ አልችልም። አብዬ ግን ከውስጥ ሰምተዋል። «ሙላት! ትኩሳት የያዘው ሰው ሲመጣ ቴርሞሜትሩን ነው የምትሰብረው?» አሉት። ሙላት ስቆ ሄደ።

ሁለተኛው ምክር ከትራክተር ነጂዎች መጣ። ዘይቱ በሙቀት ቀጥኖ ነው፣ ወፍራም ዘይት አድርጊበት አሉ። የትራክተር ዘይት አመጡልኝ። ሲፈስ ማር ነው የሚመስለው። ቀየርኩት። መብራቷ ትንሽ ዘግየት ብላ መብራት ጀመረች እንጂ አልተወችም።

ሦስተኛው ምክር የራሴ ነው። ጥፋቱም የራሴ ነው።

ከሞተሩ ሥር አንድ ትልቅ ቡሎን አለ። በካቻቢቴ ትፈቱታላችሁ። ከውስጡ አውራ ጣት የምታህል ፒስተን ትወጣለች፣ ከኋላዋ ሞላ አለ። የዘይት ግፊት መቆጣጠሪያ ማለት እሱ ነው። እኔ ሞላውን እንዳየሁ ሳቅሁ። ለምን? የስፌት መኪናዬ ላይ የክር መወጠሪያ አለ። እሱም ሞላ ነው። ክሩ ሲላላ ሞላውን ታጠብቃላችሁ፣ ክሩ ይወጠራል። በቃ! ዘይቱም ላልቷል፣ ሞላውን ላጥብቀው አልኩ። ሁለት ሮንዴላ፣ መሃላቸው የተበሳ ስስ ክብ ብረቶች፣ ከሞላው ሥር ጨመርኩና መልሼ አሰርኩ። ስንት የመካኒክ ትምህርት ቤት እኔን ሳያገኝ ቀረ እያልኩ ተነሳሁ። ማንም ሳይሰማኝ።

በማግስቱ ጠዋት ለመሄድ ተዘጋጀን። ጎረቤት ሁሉ ሊሸኘን ወጣ። እትዬ ጥሩ፣ ከፊት ለፊት ያሉት፣ ለበዓል የሚለብሱትን ነጭ ነጠላ አጣፍተው መጡ። አብዬ ባርኔጣቸውን አድርገው ከፊት ተቀመጡ። ጥር ነውና ንጋቱ ለእኛ ብርድ ነው። አስነሳሁ። አረንጓዴዋ ወዲያው ጠፋች። ጠፍታ ቀረች! ከደስታዬ ብዛት እጄን በመስኮት አውጥቼ አወዛወዝኩ።

«ዘይቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ትንሽ ትሙቅ» አሉ አብዬ።

እኔ ግን ሰው እያየኝ ነው። ነዳጅ ሰጠኋት። ደግሜ ሰጠኋት። ከኋላ «ጷ!» አለ። ከዚያ «ፍስስስ»። ወርጄ ሳይ ያ ማር የመሰለው ዘይት በሙሉ መሬት ላይ እየፈሰሰ ነው። እትዬ ጥሩ ነጠላቸውን ሰብስበው ሸሹ። ዘይቱ ግን ቀድሞ ነጠላው ላይ ደርሷል። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

አብዬ ከወንበራቸው አልተነሡም። «ምን ጨመርሽበት?» አሉኝ።

«ሮንዴላ።»

«ስንት?»

«ሁለት።»

«አዬ ዘውዴ» አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

አይከል ደወልኩ። «አሉ?» አልኩ። «አሉ። ወንድሜ ተነሥቷል ወይ ብለው ይጠይቃሉ» አለች ጎረቤታቸው። ምን ልበላት? «ነገ ከነገ ወዲያ» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ሱቄ ውስጥ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ስለ መኪና ሳይሆን በኋላው መስታወት ስላየኋቸው ሴትዮ።

እንደዚያ ሆኜ ሳለሁ አንድ ደንበኛዬ ገቡ። ኡስታ ሐሰን ይባላሉ። ኡስታ ማለት በአረብኛ የእጅ ሥራ ባለሙያ፣ የሙያው አለቃ ማለት ነው። ካርቱም ውስጥ ጦርነቱ ሲነሣ በመተማ በኩል ተሻግረው የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ጀለቢያ አዝዘውኝ ነበር። አልጨረስኩትም። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። መኪና ስጠግን ነው አልኳቸው።

«የልብስ መኪና?» አሉ።

«አይ፣ የምትነዳዋን። ቮልስ ናት።»

ኡስታ ሐሰን እንደቆሙ ቀሩ። «ሞተር ከኋላ?»

«ከኋላ።»

«ውኃ የለም?»

«የለም።»

ቀስ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ቢንቲ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «እኔ አርባ ዓመት የሠራሁ ይህን ነው። ጋራዥ ነበረኝ። አሁን የለም። የት ናት?»

ወሰድኳቸው። መሬቱ ላይ ያለውን ዘይት አዩ፣ የሆነውን ነገርኳቸው። ስለ ሮንዴላዎቹ ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጥርስ እንደሚያመው ሰው።

«ስሚ፣ ቢንቲ። ሞላው ግፊት አይሠራም። ሞላው በር ነው። ግፊት ሲበዛ ይከፈታል፣ ትርፉ ይወጣል። አንቺ በሩን ዘጋሽው። ጠዋት ዘይት ወፍራም፣ መውጫ የለም። የዘይት ማቀዝቀዣውን ጎሚኒ፣ መገጣጠሚያውን የሚደፍነውን ጎማ፣ ገፍቶ ወጣ። ግፊት የሚሠራው ማን ነው? ፖምፓው ነው! ፖምፓው ታሞ በሩን ታጠብቂያለሽ?»

በሁለት ቀን ስንት ሰው ምክር ሲሰጠኝ ይህን የነገረኝ የለም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ክር የሚወጥረው ሞላ ቢሆንም ዘይት የሚገፋው ሌላ ነገር መሆኑን ማሰብ ምን ያህል ከባድ ነበር? ግን ሰው የሚያውቀውን ዕቃ ሲያይ ማሰቡን ያቆማል መሰለኝ።

ኡስታ ሐሰን ግን አንድ ነገር አሳዩኝ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ። «እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትሠሪያለሽ። የአንቺ እጅ መርፌ የለመደ ነው» አሉ።

ጀመርን። አራት ቡሎን ፈታን። ሙላትና ሁለት ጎረቤቶች ሞተሩን ተሸክመው በአሮጌ የትራክተር ጎማ ላይ አወረዱት። ሙላት «ሽቦዋን ነቅዬላት ቢሆን ኖሮ» እያለ ነው የተሸከመው። ኡስታ ሐሰን ከኪሳቸው አንድ ነገር አወጡ። እንደ ቢላ ስለት የሳሱ፣ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጉ የብረት ቅጠሎች ናቸው። የክፍተት መለኪያ ነው። ከቤታቸው ሲሸሹ ጊዜ አልነበረም፣ ኪሳቸው ውስጥ የተገኘው ይህ ብቻ ነው። ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። እኔም ሌላ አልጠየቅሁም።

ፖምፓውን ፈታሁ። ውስጡ ሁለት ጥርሳም ክብ ብረቶች አሉ፣ ተያይዘው ይዞራሉ፣ ዘይቱን ይገፋሉ። ክዳናቸው ጠፍጣፋ ብረት ነው። ክዳኑን ገልብጠው ጣቴን አስዳሰሱኝ። ጥርሶቹ በስንት ዓመት መዞር ክዳኑን በልተው ሁለት ክብ ጎድጓዳ ሠርተውበታል። ጥፍር የሚይዝ ነው። «ወፍራም ዘይት እዚህ አያልፍም። ቀጭን ዘይት፣ የሞቀ ዘይት፣ በዚህ ሾልኮ ወደ ኋላ ይመለሳል። መብራትሽ የምትበራው ለዚህ ነው» አሉኝ።

«አዲስ ክዳን ከየት ይመጣል?»

«አዲስ አያስፈልግም። ይህንኑ ጎድጓዳው እስኪጠፋ እንፈገፍገዋለን። ግን ፍጹም ጠፍጣፋ ነገር ያስፈልጋል። ወፍራም መስታወት አለሽ?»

አለኝ። ሱቄ ውስጥ ደንበኞቼ ልብስ ሲለኩ ራሳቸውን የሚያዩበት፣ ከቁመቴ የሚበልጥ መስታወት አለኝ። ከግድግዳ አውርጄ ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዘርግቼ ነጭ ጋዝ ጠብ አደረግሁበትና ክዳኑን በላዩ ማሸት ጀመርኩ። ቀጥታ አይደለም። በክብ፣ ከዚያ በተቃራኒው፣ ከዚያ አዙሬ። «አትጫኚ፣ ክብደቱ ራሱ ይሥራ» ይላሉ ኡስታ ሐሰን። በሥራዬ ላይ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር በወረቀቱ ዳር ፊቴ ይታየኛል። አፍንጫዬ በጥቀርሻ ጠቁሯል። ሚዜዎች የለበሱት ልብስ አማረብን አላማረብን የሚሉበት መስታወት ነው እንግዲህ።

ሁለት ቀን ሙሉ ፈገፈግሁ። አንድ ደንበኛ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ መስታወቱ የት አለ አለች። አሳየኋት። ቀሚሷን ይዛ ወጣች።

በየቀኑ አይከል እደውላለሁ። «አሉ?» «አሉ። ዛሬ ሾርባ ቀምሰዋል።» በሁለተኛው ቀን ግን «አሉ፣ ግን ድምፃቸው አይሰማም» አለች። አብዬ አጠገቤ ነበሩ። ሰምተዋል።

«አብዬ» አልኳቸው፣ «እለምንዎታለሁ፣ ነገ በሚኒባስ እንሂድ።»

«ስንት ቀረሽ?» አሉ።

«ጎድጓዳው ሊጠፋ ነው። ፀጉር ታክላለች የቀረችው።»

«እንግዲያው ለምን እዚህ ቆመሽ ታወሪያለሽ?»

ተናደድኩ። እንዲያ ተናድጄ አላውቅም። ክዳኑን በንዴት ልፈገፍግ ስል ኡስታ ሐሰን እጄን ያዙኝ። «በንዴት ከሆነ ጠማማ ይሆናል። ቁጭ በይ፣ ውኃ ጠጪ፣ ከዚያ ተመለሺ።» ጠጣሁ። ተመለስኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጥፍሬን ክዳኑ ላይ ባስኬደው ምንም አልያዘውም። መስታወት ሆነ። ኡስታ ሐሰን በዚያች የብረት ቅጠላቸው ክፍተቱን ለኩ። ለኩ፣ ደገሙ። «ኻላስ» አሉ። አለቀ ማለት ነው።

ሮንዴላዎቹን አውጥቼ ጣልኳቸው። ፒስተኗን በደቃቅ ወረቀት አጸዳኋት፣ ወደ ቀዳዳዋ በራሷ ክብደት ዝቅ እስክትል። የማቀዝቀዣው ጎሚኒ ከጎንደር በአውቶቡስ መጣ። ሞተሩ ዙሪያ ትኩስ አየር ከታች እንዳይመለስ የሚከለክል ጎማ ነበረ አሉ ኡስታ ሐሰን፣ የእኛ ግን ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው። ከትራክተር ካላማዳሪያ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ቆርጬ እንደ ልብስ ጠርዝ ሰፋሁት። ይሄን እንኳ ማንም ሊያስተምረኝ አልሞከረም። የትራክተሩን ዘይት አፍስሰን የሚገባትን ዘይት አደረግን። ሞተሩ ተመልሶ ገባ። እስከ ጎረቤት ከተማ እስከ ኮኪት ሄደን በፀሐይ ተመለስንና ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳልነካ ሞተሩ ቀስ ብሎ እየዞረ፣ አቆምኳት። አረንጓዴዋ ጠፍታ ቀረች። አንድ ጊዜ ብቻ ብልጭ አለች።

«ቆማ እያለች ብልጭ ካለች ነዳጅ ንኪያት። ከጠፋች ሂጂ። ካልጠፋች ግን ሞተሩን አጥፊና ጠብቂ። አትጨቃጨቂያት» አሉኝ ኡስታ ሐሰን። ምን ላድርግልዎ ብላቸው ጀለቢያቸው ላይ ከውስጥ በኩል ጠባብ ኪስ እንድጨምር ጠየቁኝ። የብረት ቅጠሎቻቸው የሚገቡበት።

በማግስቱ ማለዳ ሸኚ ሳንጠራ ወጣን። እትዬ ጥሩ ግን በመስኮት አዩን። ነጠላቸውን አልለበሱም።

ሜዳውን በሰላም አለፍን። ማሳው ሰሊጡ ታጭዶ ባዶ ሆኗል። ነጋዴ ባሕር የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ ዳገቱ ጀመረ። መስኮቱን ከፍተናል፣ አብዬ ጆሯቸውን ወደ ኋላ አዘንብለዋል። «ማርሽ ቀንሺ» ይላሉ ከእኔ ቀድመው። «አሁን ጨምሪ።» ዳገቱን ያየሁት እኔ ነኝ፣ የነዱት እሳቸው ናቸው።

ኬላ ላይ ግን ተያዝን። ከፊታችን የሰሊጥ ጭነት መኪናዎች ተሰልፈዋል። ሞተሩ ሞቋል፣ ፀሐዩ በርትቷል፣ ሰልፉ አይነቃነቅም። አረንጓዴዋ ብልጭ አለች። ጠፋች። ደግማ ብልጭ አለች። መሪው በእጄ ላብ ረጠበ።

«በራች?» አሉ አብዬ።

ልዋሻቸው ፈለግሁ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። «ትበራለች፣ ትጠፋለች» አልኳቸው።

«ስትነኪያት?»

«ስነካት ትጠፋለች።»

«እንግዲያው ተግባብታችኋል። እኔ ምን አገባኝ» አሉና ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፉ። እኔ ግን ነዳጁን በእግሬ ስነካ ስለቅ ቆየሁ። በመጨረሻ ፈታሹ መጣ። መኪናዋን አያት፣ ከላይ እስከ ታች። «አይከል በዚች?» አለኝ። «አይከል በዚች» አልኩት። በእጁ እለፉ አለ።

የደጋው አየር ሲመጣ አወቅሁት። ክንዴን ቀዘቀዘኝ። መኪናዋም የወደደችው መሰለኝ፣ አረንጓዴዋ ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልታየችም። አይከል ስንገባ አብዬ «ቀኝ ታጠፊ» አሉ። «አሁን ግራ። ትልቅ ዋርካ አለ?» «አለ።» «እዚያ።»

አክስቴ አልጋቸው ላይ ነበሩ። ተልባ ፍሬ የምታህል ሴት ሆነዋል። አብዬን እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው።

«ማን ነው?» አሉ አክስቴ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ወንድምሽ ነኛ።»

ጎረቤታቸው በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ከዚያ አክስቴ «ልጅቷስ?» አሉ።

አብዬ ትከሻዬን ይዘው ወደ ፊት ገፉኝ። «ይቻት። ወባ አልጨረሳትም።»

አክስቴ እጃቸውን ዘረጉ። ጎንበስ አልኩላቸው። ፊቴን በመዳፋቸው ያዙኝ፣ አሸተቱኝ። «ዘይት ዘይት ትሸታለች» አሉ።

«ነድታ ያመጣችኝ እሷ ናት። ሞተሩንም የሠራችው እሷ ናት።»

አክስቴ ማልቀስ ጀመሩ። አብዬም አልጋው ጠርዝ ላይ በዳበሳ ተቀመጡ። «ከስተሻል» አሉ።

«አንተ ምን ታያለህና ነው?»

«ድምፅሽ ከስቷል።»

«ያንተም አርጅቷል» አሉ አክስቴ፣ የአብዬን እጅ ግን ያዙ፣ አልለቀቁትም። እኔ ወደ ደጅ ወጣሁ። መኪናዋ ጀርባ ላይ፣ ከሞተሩ በላይ፣ እጄን አሳረፍኩ። ብረቱ ይፋጃል። እኔም አልቅሼ ጨረስኩ።

በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፣ በቮልሷ። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣቸውና የደረታቸው ጠላት ብርዱ ነው፣ ለጊዜው ሞቃት ቦታ ቢቀመጡ ጥሩ ነበር አለ። አብዬ ፈገግ ብቻ አሉ። አክስቴ «ሳቅህ ይሰማኛል» አሏቸው።

እንግዲህ ሰው ሁሉ የዚህን ታሪክ መጨረሻ ሲሰማ ፊቱ ይፈካል። እንዴት ደስ ይላል፣ ሃያ ዓመት የተዘጋ አፍ ተከፈተ ይለኛል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። አክስቴ ቆላ ወርደው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ይኸው ሦስተኛ ወራቸው ነው። ሳላቸው ጠፍቷል፣ ሥጋ ለብሰዋል፣ ድምፃቸው ተመልሷል። በጣም ተመልሷል። ጠዋት የማሽላው እንጀራ ወፍራም ነው ቀጭን ነው ተብሎ ይጀመራል። ቀትር ላይ በሩ ይከፈት ይዘጋ ተብሎ ይቀጥላል። ማታ የእናታቸው ላም ጥቁር ነበረች ወይስ ቡራ ተብሎ ይከራከራሉ፣ ያቺ ላም ከሞተች ስንት ዘመኗ ነው። ሃያ ዓመት ያልተነጋገሩትን ሁሉ በሦስት ወር ሊጨርሱት ነው መሰለኝ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፣ እግዜር ያቆይልኝ። ትንሽ ጸጥታ ሲያምረኝ ግን ወደ ደጅ እወጣና ቮልሷን አስነሥቼ አጠገቧ እቀመጣለሁ።